ከመልስ ውስጥ የወጣች ብር

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ጋዝ ስቴሽን ሌሊት ሌሊት ካሸር ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ሌሊቱ ነው የሚረዝመው። በእኛ ሰዓት ከሰባት እስከ አስር ሰው ድርሽ አይልም። ወለሉን ጠርጌ፣ ቡና አፍልቼ፣ ፍሪጁን ሞልቼ ስጨርስ የሚቀረኝ ከራሴ ጋር መፋጠጥ ነው። ስልክ ላይ ማፍጠጥም ይሰለቻል። ሳንቲም ማገላበጥ የጀመርኩት እንደዚያ ባለው ሌሊት ነው፣ ከዚያማ ሱስ ሆኖብኝ ቀረ።

እንዲህ ነው የሆነው። አንድ ሰውዬ ቡናና ዶናት ይዞ መጣና ከጃኬቱ ኪስ እፍኝ ሙሉ ሳንቲም ባንኮኒው ላይ ዘረገፈልኝ። (ሳንቲም የሚዘረግፍ ደንበኛ በካሸር ዘንድ አይወደድም፣ የሠራበት ያውቀዋል።) ኳርተሮቹን፣ ማለትም ባለ 25 ሳንቲሞቹን፣ በጣቴ እየገፋሁ ስቆጥር አንዷ አመለጠችኝና መስታወቱ ላይ ወደቀች። ድምጿ ሌላ ነው። ሌሎቹ ሲወድቁ ቀጭ ብለው ዝም ነው። ይቺ ግን እንደ ቃጭል አቃጨለች፣ ድምጿም እየቀጠነ እየቀጠነ ቆይቶ ነው የጠፋው። አነሳኋት። ጆርጅ ዋሽንግተን ያው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው። ከሥሩ 1964 ይላል። ጠርዟን ሳየው ዙሪያውን ነጭ ነው። ሌሎቹን ገልብጬ ሳይ ጠርዛቸው መሃል ላይ ቀላ ያለ የመዳብ መስመር አላቸው። በቀን ስንት ኳርተር እየነካሁ እስከዚያ ሌሊት ድረስ ጠርዙን አይቼው አላውቅም።

ሰውየው ሲሄድ ከኪሴ ሌላ ኳርተር አውጥቼ ቀየርኳትና ስልኬን ከፈትኩ። ብር ናት። ገንዘቡን ብር እንደምንለው ማለቴ አይደለም፤ ጌጥ የሚሠራበት፣ መስቀል የሚሠራበት ብር ማለቴ ነው። አሜሪካኖች እስከ 1964 (ዓመቱ በፈረንጅ ነው፣ ካልነገርኳችሁ በስተቀር ሁሉም በፈረንጅ ነው) የሚመቷቸው ዳይም (አስር ሳንቲም)፣ ኳርተርና ሃፍ ዶላር (ሃምሳ ሳንቲም) ከመቶው ዘጠና እጁ ብር ነበር። ብር እየተወደደ ሲመጣ በ1965 ሕግ አወጡና ከዳይምና ከኳርተር ብሩን ጠቅልለው አስወጡት። ውስጡን መዳብ፣ ላዩን የመዳብና የኒኬል ቅልቅል አደረጉት። ያቺ ቀይ መስመር የውስጡ መዳብ ናት። የድሮዋ 6.25 ግራም ትመዝናለች፣ የአሁኗ 5.67። ልዩነቱ እጅ ላይ ብዙም አይታወቅም። ጆሮ ግን ይለየዋል።

አያቴ ጠገራ ብርን በድምፅ ይለዩት እንደነበር እናቴ ስታወራ እሰማ ነበር። ድንጋይ ላይ ጣል ያደርጉትና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ ካላቃጨለ አይቀበሉም። ልጅ ሆኜ ተረት ይመስለኝ ነበር። ይኸው እኔ ደግሞ በስንተኛው ትውልድ፣ ሲጋራና ሎተሪ በሚሸጥበት ባንኮኒ ላይ፣ ያንኑ ሥራ ይዤ ተገኘሁ።

በነገራችን ላይ የምኖርበት ከተማ ስሙ ሲተረጎም የብር ምንጭ ነው። ምንጩ የት እንዳለ ለሚጠይቀኝ ካዝናው ውስጥ ነው ብዬ እመልሳለሁ።

ያን ሰሞን ያንገበገበኝ ያለፈው ነው። ሰፈራችን አፓርታማ የበዛበት ነው፣ የአፓርታማው ልብስ ማጠቢያ ደግሞ ኳርተር ነው የሚበላው። ቅዳሜ ሌሊት ሐበሻውም ላቲኖውም "የአስር ዶላር ኳርተር አለህ?" እያለ ይመጣል። እኔም ጥቅሉን ባንኮኒው ጠርዝ ላይ እንደ እንቁላል ሰብሬ እሰጣለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ ስንቷን ብር ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እንዲከቷት ሰጥቼ ይሆን?

ለባለቤቱ ነገርኩት። ይሄን በተለይ የኔ ዓይነት ሥራ ላላችሁ ነው የምለው፤ ሳንቲም ከመቀየራችሁ በፊት ተናገሩ። ካዝና ውስጥ እጃችሁን ከታችሁ ሳንቲም ስትመርጡ ካሜራው ያያል፣ ካሜራው ደግሞ ሰብሳቢ ናችሁ ወይስ ሌባ ናችሁ የሚለውን አይለይም። ባለቤቱ ሳቀና "ሒሳቡ ይግጠም እንጂ የፈለግከውን ቀይር" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የራሴን አስገባለሁ፣ ከዚያ ነው የማወጣው።

እንግዲህ ካዝናውን ሳገላብጥ የተማርኩትን ላውራችሁ።

ኒክል፣ ማለትም አምስት ሳንቲሟ፣ ሲያዩት ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ነገር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኒኬሉ ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ ከኦክቶበር 1942 እስከ 1945 ድረስ 35 ከመቶ ብር የገባበት ኒክል መተዋል። መለያው ቀላል ነው። ጀርባው ላይ ካለው ቤት ጉልላት በላይ ትልቅ ፊደል አለች፤ ፒ፣ ዲ ወይም ኤስ። የተመታበትን ከተማ ነው የምትናገረው። እነዚህ ኒክሎች ሲያረጁ መልካቸው ይጠቁራል፣ ጭቃ የመሰለ ነገር ይይዛሉ። ስለዚህ ቆሻሻዋን ኒክል አትናቋት። እኔ ሁለት አግኝቻለሁ፣ አንዷ ማስቲካ ተጣብቆባት።

ፔኒ፣ አንድ ሳንቲሟ፣ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። እስከ 1958 የተመቱት ጀርባቸው ላይ ሁለት የስንዴ ዛላ አለ። ዋጋቸው ብዙም አይደለም፣ ግን ሲገኙ ደስ ይላሉ፤ አሁንም ብቅ ይላሉ። በ1943 መዳቡ ለጥይት ስለተፈለገ ፔኒን በብረት መቱት፣ ዚንክ ለብጠው። ማግኔት ይስባታል። ከ1982 በኋላ ያለው ደግሞ ላዩ ብቻ ነው መዳብ፣ ውስጡ ዚንክ ነው። እኛ አገር ከላይ ያጌጠውን ነገር "ላዩ ወርቅ ውስጡ ጨርቅ" እንደምንለው መሆኑ ነው። አሁን ደግሞ ፔኒ መምታት እራሱ ቀርቷል። አንዷን ለመምታት ወደ አራት ሳንቲም የሚጠጋ ወጪ ነበረው፤ በኖቬምበር 2025 ፊላደልፊያ ላይ ለመገበያያ የምትሆነውን የመጨረሻዋን መተው አቆሙ። እኛ ጋ መልስ ስሰጥ ፔኒ ሲያልቅ ማጠጋጋት ጀምረናል፣ ደንበኛውም "ተወው" ማለት አብዝቷል። እኔ ግን የተተወችውን አልተዋትም።

አሮጌ ካልሆነው ውስጥ ልፈልግ ካላችሁ ደግሞ 2019 ወይም 2020 የተጻፈበትን ኳርተር ስታገኙ ከዋሽንግተን ኋላ፣ ከታሰረው ፀጉሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ፊደል እዩ። ደብልዩ ከሆነች ዌስት ፖይንት ባለው ሳንቲም መቺ ቤት የተመታች ናት። ከዚያ በፊት ደብልዩ ያለባት ኳርተር ለመገበያያ ወጥታ አታውቅም። በሁለቱ ዓመታት በጠቅላላ አስር ዓይነት ሥዕል ያላቸው ወጡ፣ እያንዳንዱ 2 ሚሊዮን ብቻ። ሚሊዮን ሲባል ብዙ ይመስላል። ተራው ኳርተር ግን በመቶ ሚሊዮን ነው የሚመታው። ሆን ብለው ነው ሕዝቡ መሃል የበተኗቸው፣ ሰው ኪሱን እንዲያይ። እኔን በደንብ ይዘውኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ውሸቱ። ቲክቶክ ላይ "ይቺ ሳንቲም ካለችህ ሚሊየነር ነህ" የሚሉትን ጠግቤአለሁ። አብሮኝ የሚሠራው የድሬ ልጅ አንድ ቀን እየሮጠ መጣ። ከበሮ መቺ ያለባት ኳርተር ይዟል፣ 1776 – 1976 ተጽፎባታል። "አቦ ሀብታም ሆንን!" ይላል። አሜሪካ ነፃ የወጣችበትን ሁለት መቶኛ ዓመት ለማክበር የተመታች ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ግን ከ1.6 ቢሊዮን በላይ ነው የመቷት። ዋጋዋ 25 ሳንቲም ነው ብዬ ስነግረው ሦስት ቀን አኮረፈኝ። እኔ ያበላሸሁበት ይመስል። ቪዲዮው ላይ መቶ ሺህ ዶላር አውጥታለች ይላል፣ ይኸው ነው ማስረጃው።

እኔም ግን ጅልነቴን ልናገር፤ የሰው ብቻ እያወራሁ አይሆንም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ፔኒ አገኘሁ፣ ላባ የተሰካበት ጌጥ ያደረገ ጭንቅላት ያለባት፣ 1907። ከመቶ ዓመት በላይ የሆናት ሳንቲም ከጋዝ ስቴሽን ካዝና መውጣቷን ማመን አቃተኝ። ምናልባት አንዱ የአያቱን ሣጥን ሰብሮ ሲጋራ ገዝቶባት ይሆናል። ቤት ይዣት ሄድኩ። ጥቁር ቡናማ ነበረች፣ የተቆላ ቡና መልክ። ታዲያ እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሎሚ ቆረጥኩ! እናቴ የብር ጌጧንና የናስ ዕቃዋን በሎሚና በአመድ ፈትጋ ስታጸዳ አይቼ ነው ያደግኩት፣ ንጹሕ ነገር ይወደዳል ብዬ ነው። አመድ ስለሌለ በጨው ፈተግኋት። እንደ አዲስ የተወለደ ሕፃን ቀይ ሆነች። ደስ ብሎኝ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

በሳምንቱ ሳንቲም የሚገዛ ሰው ጋ ወሰድኳት። ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እንደገና እሷን። "አጠብካት አይደል?" አለኝ፣ ልክ ሐኪም "ለምን ቶሎ አላመጣኸውም" እንደሚለው። ያ ጥቁር ቡናማው መልክ መቶ ዓመት የፈጀ ነው፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለእሱ ነው፣ አንዴ ከተፈተገ አይመለስም። ዓመተ ምሕረቷ እምብዛም ብርቅ ስላልነበረ ያከሰርኩት ጥቂት ዶላር ነው። ሰውየው አላበሳጨኝም፣ ሎሚው ነው ያበሳጨኝ። አሁንም አስቀምጫታለሁ። ቀይነቷ እየበረደ ነው፣ ግን መልኳ የታመመ ሰው መልክ ነው።

ስለዚህ ሳንቲም አትጠቡ። በውሃም ቢሆን።

አንድ ሰሞን ደግሞ ካዝናው አልበቃኝ አለና ባንክ ሄድኩ። 500 ዶላር ሙሉ የኳርተር ጥቅል ስጡኝ አልኩ። ልጅቷ "ለሥራ ነው?" አለችኝ፣ አዎ ብዬ ዋሸሁ። በአንድ ጥቅል አርባ አለ፣ ሃምሳ ጥቅል ማለት ሁለት ሺህ ኳርተር ነው። ክብደቱ ትከሻ ያጎብጣል። ባለቤቴ ቦርሳውን ስታይ "ምነው፣ ባንክ ዘረፍክ እንዴ?" አለች። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ዘርግፌ አንድ ሙሉ እሁድ ጠርዝ ጠርዛቸውን አየሁ። ጣቴ ጠቆረ፣ ወገቤ ተንቀጠቀጠ። የተገኘው፦ አንድ ደብልዩ። ብር የሚባል ዜሮ። ከዚያ ሁለት ሺሁን መልሶ መጠቅለል አለ። ልጆቹ መጀመሪያ በጨዋታ መልክ አገዙኝ፣ አሥረኛው ጥቅል ላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። ከባንክ የሚመጣውን ጥቅል ከኔ በፊት ስንቱ ሰው አበጥሮታል። በዘፈቀደ የሚመጣው የሰው ኪስ ይሻላል፤ በተለይ ልጅ የአባቱን ማሰሮ ገልብጦ ሲመጣ።

የሰው ኪስ ስል፣ ሱፐርማርኬት በር ላይ የሚቆመውን ሳንቲም ቆጣሪ ማሽን ታውቁታላችሁ። ኮይንስታር። ማሽኑ ሳንቲሙን በመጠኑና በብረቱ ዓይነት ነው የሚለየው፣ ስለዚህ የድሮዎቹን ብሮች "ይሄ የኛ አይደለም" ብሎ ከታች ባለችው ጎድጓዳ ይተፋቸዋል። ሰው ደግሞ የተተፋውን ሳያይ ደረሰኙን ይዞ ይሄዳል። እኔ ባለፍኩ ቁጥር እጄን ሰደድ አደርጋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አፍር ነበር፤ አንድ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሰው አይቶኝ ቸግሮኛል ብሎ ሊረዳኝ ኪሱን ሲዳብስ መሬት ብትከፈት ገብቼ ነበር። እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ሁለት የብር ዳይም፣ የካናዳ ሳንቲም እንደ ጉድ፣ ቁልፍ፣ የሸሚዝ አዝራር፣ አንድ ጊዜም የጆሮ ጉትቻ አግኝቻለሁ። ጉትቻውን ለጥበቃው ሰጠሁ።

ሒሳቡን ለምትጠይቁኝ፦ በእነዚህ ዓመታት አሥራ አንድ የብር ኳርተር፣ ሃያ ገደማ የብር ዳይም፣ ሁለቱ የጦርነት ኒክሎች፣ አራት ደብልዩ፣ የስንዴ ፔኒ አንድ የቡና ማሰሮ ሙሉ። አንድ ሰው ይሄን ይዞ ሥራ አይለቅም። ባለቤቴ በሰዓት አስልታ ነግራኛለች፣ ቁጥሩን አልጽፈውም።

ግን ሁሉንም የምታስንቅ አንዲት አለች።

ባለፈው ጥር ነው። በረዶ ጥሏል፣ ደንበኛ የለም፣ የኒክሉን ሳጥን እያገላበጥኩ ነው። አንዷ ትንሽ ትለያለች፣ ልሙጥ ነጭ ናት፣ መጠኗ ግን ያው ኒክል ነው። ገለበጥኳት። አንበሳ! አፉን ከፍቶ፣ ጎፈሩን ዘርግቶ። ከሥሩ ፲፱፻፷፱። ሌላው ፊቷ ላይ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱ ወንድና ሴት። ስሙኒ ናት፣ የራሳችን 25 ሳንቲም። አንድ ሰው እንደ አምስት ሳንቲም አድርጎ ከፍሎኛል፣ እኔም ሳላይ ተቀብያለሁ። ማን ይሁን? ከአገር ቤት ገና የመጣ ሰው ኪሱ ውስጥ ቀርታበት ይሆናል። ልጅ ሆኜ በስሙኒ ከረሜላ ገዝቻለሁ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬአለሁ። አሁን አዲስ አበባ ብትሰጧት የሚቀበላችሁ ያለ አይመስለኝም። ሜሪላንድ ግን ሠርታለች።

የዚያን ሌሊት ሰፊ ጊዜ ስለነበረኝ ስለ ስሙኒ ማንበብ ጀመርኩ። ከደርጓ በፊት የነበረችው የጃንሆይ ስሙኒ 1936 ነው የሚላት፣ በኛ አቆጣጠር። ከጣሊያን መባረር በኋላ አዲስ ገንዘብ ሲወጣ የተመታች ናት፤ የት ተመታች ብትሉኝ ፊላደልፊያ! ከዚህ በመኪና ሦስት ሰዓት አይሞላም። የኔ የ1964 ኳርተርም ያው የተመታችበት ቤት ነው፣ የኳርተሯ ጀርባ ላይ ፊደል የለም፤ ያኔ ፊደል የሌላት ኳርተር የፊላደልፊያ ናት። ሽልንጓ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲሟ፣ እውነተኛ ብር ነበረች፤ ስሙኒዋ መዳብ። ችግሩ ስሙኒዋም ክብ ነበረችና ሰው ብር እያስመሰለ በሽልንግ ቦታ ያስኬዳት ጀመር። ስለዚህ ክቧን ሰበሰቧትና በ1952 (አሁን በፈረንጅ ነው) ዙሪያዋ እንደ አበባ የተሸረፈ ስሙኒ አወጡ። ያቺ ያልተሸረፈችዋ ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልጋት ናት። እና 1936 የሚለው ዓመተ ምሕረት ደግሞ ሳይቀየር ለብዙ ዓመት ተመታበት፤ አሜሪካኖችም 1964 ካለፈ በኋላ 1964 እያሉ ኳርተር መትተዋል፣ ሰው ሰብስቦ እንዳይደብቅ ብለው። ለካ ሳንቲም ላይ ያለ ዓመተ ምሕረት ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም።

ሊነጋጋ ሲል ሁልጊዜ የሚመጡ አንድ ታክሲ የሚነዱ ጋሼ አሉ። ትልቁን ቡና ያለ ስኳር። ስሙኒዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

"ይቺን የት አገኘሃት ልጄ?"

"ኒክል ብለው ከፈሉኝ ጋሼ።"

ከት ብለው ሳቁ። አንስተው ወደ መብራቱ አቀረቧት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። "የደርግ ናት። የጃንሆይዋ ጥርስ ነበራት፣ ኪስ ትቀድ ነበር" አሉ። "ስንት ታወጣለች አሁን?"

"ምንም አታወጣም ጋሼ። በገፍ ነው የመቷት።"

"እንግዲያው በቡናው እንጣጣል። ዘውድ ወይስ ጎፈር?"

"ዘውዱ የታለ? አንበሳና ሁለት ሰው ነው ያለው።"

አገላብጠው አዩአት። "እውነትህን ነው፣ ዘውዱን አውርደው ጎፈሩን ትተውታል። በል እኔ ጎፈር፣ አንተ ወዛደሮቹን ያዝ።"

በአውራ ጣታቸው አጎኗት። መስታወቱ ላይ ወደቀች፣ ቀጭ ብላ ዝም። አንበሳው ወደ ላይ ነው። የጋሼን ቡና ከኪሴ ከፈልኩ፣ በስሙኒዋ ፈንታ ደግሞ አንድ ኒክል ሳጥኑ ውስጥ ጣልኩ፣ ሒሳቡ እንዲገጥም።